ጉርዱ ረዘመ፤ ሂጃቡስ?

ሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው ጠባብ መንገድ የሚያልፍ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው የስፌት መኪና ድምፅ ነው። መንገዱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድምፅ ነው፤ መኪና ግርግር ይሉታል። በግራና በቀኝ የተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን በእግራቸው እየረገጡ የሠርግ ልብስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሠራተኛ ጋዋን ይሰፋሉ። የዚህ ጽሑፍ ነገርም የተጀመረው እዚሁ፣ ከአንድ ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ እጥፋት ነው።

ጉርዱ የአንዲት እኅታችን ነው። ስሟንም፣ የምትሠራበትንም ሆቴል አንጠቅስም። በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር የምታገለግል፣ ሁለት ታናናሾቿን በደመወዟ የምታስተምር ወጣት ናት። በእንግዳ ተቀባይነት ሦስት ዓመት ከሠራች በኋላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና አዲስ ዩኒፎርም አዘዘ፦ ከጉልበት በላይ የሚቀር ጠባብ ጉርድ፣ እጅጌ የሌለው ሰደርያ፣ ፀጉር ደግሞ ተሠርቶ የሚታይ።

«ለብሼው መስተዋት ፊት ስቆም አለቀስኩ» አለችኝ። «ቁጭ ስል ወደ ላይ ይሸሻል። እንግዳው ስሙን ሲያስመዘግብ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። እሑድ ደግሞ መድረክ ላይ ቆሜ እዘምራለሁ። ሁለቱ እንዴት ይሆናል?»

ቅሬታዋን ለሥራ አስኪያጁ በቃል ብትነግረው «ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው» የሚል መልስ አገኘች። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ሄደች። አንዱ «ልጄ፣ ጌታ ሌላ ሥራ ይሰጥሻል፤ ውጪ» አሏት። ሁለተኛው «በጉርዱ ፈንታ ሱሪ እንዲፈቅዱልሽ ጠይቂ» ሲሉ፣ ሦስተኛው ዘዳግም 22፥5ን አንሥተው «ሱሪስ የወንድ ልብስ አይደለም ወይ?» አሉ። እኅታችን ሦስት ምክር ይዛ፣ አንድም ሳትይዝ ተመለሰች።

ሱሪስ?

እዚህ ላይ ጥቂት ልዘግይ። ሱሪ የሴት ነው ወይስ የወንድ የሚለው ክርክር በብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ብዙ ጉባኤ አድክሟል። ሐረር ላይ ግን ክርክሩ እንግዳ ይሆናል፤ የሐረሪ እናቶች ከጥንት ጀምሮ በቀሚሳቸው ሥር ከታች ጠበብ ያለ፣ ገናፊ የሚባል ሱሪ ይለብሳሉና። በዚያ ባህል ሱሪው የጨዋነት ምልክት ነው፤ ያለ እርሱ መውጣት ነበር የሚያሳፍረው። ስለዚህ አንድን ልብስ የወንድ ወይም የሴት የሚያደርገው የጨርቁ አቆራረጥ ብቻ ሳይሆን የሚለበስበት አገር ልማድም እንደ ሆነ የጁገል ጎዳና ራሱ ያስተምራል።

ይህን ስል ሱሪ አልለብስም የሚሉ እኅቶችን ለማቃለል አይደለም። በአሜሪካ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2010 አንዲት የጴንጤቆስጤ እምነት ተከታይ ወጣት በሃምበርገር ቤት ተቀጥራ፣ እምነቷ ስለማይፈቅድላት በዩኒፎርሙ ሱሪ ፈንታ ጉርድ እንድትለብስ ጠየቀች። ስትቀጠር ተፈቅዶላት ሳለ ለሥራ ስትመጣ ወደ ቤቷ መለሷት። የአገሪቱ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ድርጅቱን ከሰሰ፤ በ2013ም ድርጅቱ 25,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የእኛይቱ ከጉርዱ ሸሽታ ወደ ሱሪው ልትሄድ ስታስብ፣ የቴክሳሷ ከሱሪው ሸሽታ ወደ ጉርዱ ሄደች። ሁለቱም የሚያነብቡት ግን አንድ መጽሐፍ ነው።

ዐሥር ቀን

ውድ አንባቢያን፣ የዳንኤልንና የጓደኞቹን ታሪክ ሁላችንም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ልብ የማንለው ግን ስንቱን ነገር እንደ ተቀበሉ ነው። የባቢሎንን ስም ተቀበሉ፤ የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ተማሩ፤ የንጉሡን ሥራ ሠሩ። ሦስቱ ወጣቶች ወደ እሳቱ ሲጣሉ የለበሱት ልብስ በዝርዝር ተጽፏል (ዳን. 3፥21)፤ እኔ ሳነበው የሹመት ልብሳቸው ይመስለኛል። በልብሱ አልተጣሉም። የተጣሉት ለምስሉ መስገድ ላይ ሲደርሱ ነው።

በእኛም አገር ይህ ታይቷል። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡ አማኝ ወጣቶች እንደ ሌላው ዘማች የዘመቻውን ልብስ ለብሰው ሄዱ። ግራ እጅን አንሥቶ መፈክር ማሰማት ሲመጣ ግን እምቢ ብለው የተደበደቡና የታሰሩ ብዙዎች ናቸው።

የት ላይ እሺ፣ የት ላይ እምቢ እንደሚባል ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። በምግብ ቤት የሚሠራ አንድ ወንድም የቢራ ስም የታተመበት ሽርጥ ተሰጥቶት «ልልበሰው ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ለእኔ ይህ ከጉርድ ርዝመት የተለየ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ልብሱ ራሱ ይናገራልና። ነገር ግን ሽርጡን አልለብስም ያለ ሰው ቢራውን በትሪ ይዞ መሄዱንስ ምን ይለዋል? እስካሁን የሚያረካ መልስ አልሰጠሁትም።

እኅታችን ከዳንኤል የተማረችው ግን ሌላ ነገር ነው። ዳንኤል አልጮኸም፤ ጠየቀ። ሲከለከልም ወደ ሌላው ኃላፊ ሄዶ ዐሥር ቀን እንዲፈትነው ለመነ (ዳን. 1፥11-14)። እርሷም ጉርዱን ይዛ መኪና ግርግር ወረደች። አረጋዊው ልብስ ሰፊ ጉርዱን ገልብጠው እጥፋቱን አዩና «አቦ፣ ጨርቁ እኮ አለ! ውስጥ ተደብቆ ነው» አሏት። ከእጥፋቱ አራት ጣት ወጣ፤ ከተረፈው ጨርቅ ሌላ አራት ጣት ተቀጠለ። ከሰደርያው ሥር የሚለበስ ባለ እጅጌ ነጭ ሸሚዝ ቤቷ ነበራት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። «ጋሼ፣ ቀለሙም ያው ነው፣ ጨርቁም ያው ነው። ዐሥር ቀን በዚህ ልሥራ። አንድ እንግዳ ቅር ካለው ይንገሩኝ» አለችው። ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ ዝም አለ። ዐሥሩ ቀን አለፈ፤ ማንም ምንም አላለም። በወሩ ሌሎቹም ልጆች ጉርዳቸውን ማስረዘም ጀመሩ። ይህንን በጉባኤ ስትመሰክር እልልታው ቀለጠ።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወገኖች «ጌታ ይመስገን፣ ሰውዬው ደግ ሆኖ ነው» ይሉ ይሆናል። ደግነት ብቻ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ያውጃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ አሠሪ በሠራተኞች መካከል በሃይማኖት ምክንያት ልዩነት እንዳያደርግ በአንቀጽ 14 ይከለክላል፤ ሃይማኖት ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በአንቀጽ 26 ይናገራል። በሌላ በኩል ሠራተኛው የሥራ ደንቡን ማክበር፣ የተሰጠውን የአደጋ መከላከያም በአግባቡ መጠቀም ግዴታው ነው። የብረት ቆብ ወይም የምግብ ቤት የፀጉር መረብ አልለብስም ብሎ ኅሊናን ማንሣት አይቻልም። ጉርድ ስንት ጣት ይርዘም የሚል አንቀጽ ግን አዋጁ ውስጥ አናገኝም።

ድንበሩ የት እንደሆነ ከአውሮፓ አንድ ፍርድ ይጠቁማል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2013 የሁለት እንግሊዛውያት ክርስቲያኖችን ጉዳይ በአንድ ቀን ወሰነ። ሁለቱም የመስቀል ሐብል አናወልቅም ያሉ ናቸው። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ሠራተኛ የነበረችው ናዲያ ኤዌዳ ረታች፤ ሐብሏ የማንንም ሥራ አልጎዳምና። ነርሷ ሸርሊ ቻፕሊን ግን ተረታች፤ በሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሐብሉን ቢጎትት ወይም ቁስል ቢነካ ጉዳት ያመጣል ተብሎ። ፍርዱ ያሳዘናቸው ክርስቲያኖች አሉ፤ እኔ ግን ጥያቄው ትክክለኛ ይመስለኛል፦ ልብሱ ሥራውን ወይም ሰውን ይጎዳል ወይ?

በደጅ የቀረችው

ምስክርነቱን ሰምቼ እኅታችንን ላነጋግራት የሄድኩ ዕለት፣ ለማሳረጊያ ያህል «ሌሎቹ የሥራ ጓደኞችሽስ?» አልኳት። ዝም አለች። ቡናዋን ከፊቷ ገፋ አድርጋ ቆየችና አንዲት ሙስሊም ጓደኛዋን አነሣችልኝ። አብረው የተቀጠሩ፣ ሌሊት ተረኛ ሲሆኑ አንድ ምሳ ዕቃ የሚካፈሉ ናቸው። መኪና ግርግርም አብራት ወርዳ፣ በሐረሪኛ ከልብስ ሰፊው ጋር ዋጋውን ያስቀነሰችላት እርሷ ነበረች።

«ሥራ አስኪያጁ እርሷን ‹በዚህ ዩኒፎርም ላይ ሂጃብ አይሄድም› ብሏት ነበር። እኔ ቢሮ ስገባ በር ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ስለ እርሷም እንደምናገር ጠብቃለች። እኔ ግን ስለ ጉርዴ ብቻ ተናግሬ ወጣሁ። ነገሩ እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሥራውን ለቀቀች። ስመሰክር ይህንን አልተናገርኩም።»

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በሐረሪ ክልል ወንጌላውያን 3.4 በመቶ፣ ሙስሊሞች 69 በመቶ ያህል ነበሩ። በብዙዎች መካከል ጥቂት ሆነን የምንኖር እኛ፣ ኅሊናችን እንዲከበርልን ስንለምን ኖረናል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት የናፈቀን እኛ ነን። ደግሞስ በዚሁ በሐረርጌ ምድር፣ በ1940ዎቹ ሥራ በጀመረው የሜኖናይት ሚሲዮን ዘመን፣ ደደር ሆስፒታል ያገለገሉትን ሚሲዮናውያት እናስታውስ። በአንደኛ ቆሮንቶስ 11 ምክንያት ራሳቸውን በነጭ የጸሎት ክዳን ሸፍነው ነበር የሚያገለግሉት። የተሸፈነ ራስ በሽተኛ ከመንከባከብ አላገዳቸውም። እንግዳ መቀበልን ያግዳልን?

እኅታችን ይህን ስነግራት «አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ» አለችኝ። ባለፈው ወር ጓደኛዋን ፈልጋ ሸዋ በር ገበያ አጠገብ አገኘቻት፤ የአክስቷን ሱቅ ትጠብቃለች። ይቅርታ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሻይ አስመጣችላትና «እኔን አይደለም፤ እርሱ ፊት ትናገሪዋለሽ ወይ?» አለቻት።

ከሐረር ከመመለሴ በፊት አብረን ወደ መኪና ግርግር ወረድን። ከሰማያዊው ጨርቅ የተረፈ ቁራጭ ሽማግሌው ጋ ነበረ፤ ራስና አንገት የሚሸፍን፣ ከዩኒፎርሙ ጋር አንድ ቀለም የሆነ ሂጃብ ቆርጠው ጠርዙን ሰፉለት። ገንዘብ አልተቀበሉም። እኅታችን አጣጥፋ በቦርሳዋ ከተተችው። ሥራ አስኪያጁን ለማነጋገር ቀጠሮዋ ሰኞ ጠዋት ነበር፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም አብረው ሊገቡ ተስማምተዋል።