ለእኔ የታዘዘው ለልጅ ልጄ አልሆነም

በነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ ባለው ቤታችን፣ የመድኃኒት ቦታ ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለችው መደርደሪያ ነበረች። የእኔ የደም ግፊት ክኒን፣ የልጄ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ከአምና የተረፈ የሳል ሽሮፕ፣ ሁሉም እዚያ ይቀመጣል። ባለፈው ክረምት አንዲት ጠርሙስ ተጨመረች። መንጋጋዬን ካስነቀልኩ በኋላ ድዴ ስላበጠ የታዘዘልኝ የአፍ መጉመጥመጫ ነው።

ሐኪሙ አጠቃቀሙን በደንብ ነግሮኛል። ጥርሱ በተነቀለበት ዕለት ጨርሶ እንዳልጉመጠመጥ አስጠነቀቀኝ፤ በጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም የቁስሉ መሸፈኛ ስለሆነ ከታጠበ ሕመሙ ይብሳል። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ጠዋትና ማታ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ለአንድ ደቂቃ አፌ ውስጥ አገላብጬ እንድተፋ አዘዘኝ። በሳምንቱ ተሻለኝ። የተረፈውን «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ብዬ መለስኩት። ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ከወር በኋላ የአራት ዓመቱ የልጅ ልጄ ትኩሳት ያዘው። ድዱ ቀላ፣ ሲነካ ይደማል፣ አፉ ይሸታል፣ ምግብም እምቢ አለ። እናቱ ሥራ ላይ ነበረች። እኔም ያቺን ጠርሙስ አውርጄ በክዳኗ ቀዳሁለትና «ጉመጥመጥና ትፋው፣ የኔ ጌታ» አልኩት። ትንሽ አየኝና «አኮ፣ ዋጥኩት» አለኝ።

ልጄ ስትመጣ ነገርኳት። «አዴ፣ ለአንቺ የታዘዘውን ለእሱ?» አለችና ልጁንም ጠርሙሱንም ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

ነርሷ በመጀመሪያ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበች። የዋጠው ጥቂት ስለሆነ ውኃ እንዲጠጣና እንድንከታተለው ነገረችን። «እንዲያስመልሰው ብላችሁ ጣት እንዳትከቱበት» አለች። ብዙ ቢሆን ኖሮ፣ በተለይ አልኮል ያለበት ዓይነት ቢሆን፣ ትንሽ ልጅን ሊያደክምና ራሱን ሊያስት ስለሚችል ከነጠርሙሱ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ይገባል።

ከዚያ ግን የጠየቀችን ሁሉ ስለ ድዱ ነበር። የኩፍኝ ክትባት ወስዷል? ክብደቱ ቀንሷል? ምን ይበላል? ጥያቄው ስለበዛብኝ ምክንያቱን ጠየቅኋት። «እማማ፣ የልጅ ድድ ሲቆስል በቤት ውስጥ መጉመጥመጫ አይሸፈንም» አለችና ኖማ ስለሚባለው በሽታ ነገረችኝ።

ኖማ ከድድ ቁስል ይነሣል። በአብዛኛው የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ፣ ምግብ ያነሳቸው ወይም እንደ ኩፍኝ ያለ በሽታ ያደከማቸው ልጆችን ነው። ካልታከመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭንና መንጋጋን ይበላል፤ ብዙ ሕፃናትን ይገድላል፣ የተረፉትንም ፊት ያበላሻል። በአገራችንም ፊታቸው በዚህ በሽታ የተጎዳ ወገኖች በአዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ገና ድድ ላይ እያለ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ፣ በሐኪም በታዘዘ የአፍ መጉመጥመጫና በተመጣጠነ ምግብ ይድናል። መጉመጥመጫው እንግዲህ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው፤ ብቻውን ግን ሕክምና አይደለም።

የእኛ ልጅ ኖማ አልነበረም። በቫይረስ የመጣ የአፍ ቁስል ነውና የትኩሳት መድኃኒት ተሰጥቶት፣ ቀዝቀዝ ያለ ፈሳሽና ለስላሳ ምግብ እየወሰደ ዳነ። እኔ ግን በዚያች ጠርሙስ ተማምኜ ሁለትና ሦስት ቀን ብቆይስ ኖሮ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የተረዳሁትን ለእናንተም ላካፍል።

ክሎርሄክሲዲን ያለበት መጉመጥመጫ መድኃኒት ነው፤ ለታዘዘለት ሰውና ለታዘዘበት ጊዜ ብቻ ይሁን። ሲቆይ የምግብ ጣዕም ይለውጣል፣ ጥርስንም ያጠቁራል። ቡናና ሻይ ደግሞ ያብሱታል። ቡና ለማንተው ለእኛ ለወለጋ ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም፤ የእኔም የፊት ጥርሶች ጠቁረው በጥርስ ሐኪም ተጠርገው ነው የለቀቁት።

ጥርስ እንደቦረሻችሁ ወዲያው አትጉመጥመጡ። የሳሙናው አረፋ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንሰው አፋችሁን በውኃ አጥባችሁ 30 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከተጉመጠመጣችሁ በኋላም ለጥቂት ጊዜ አትብሉ፣ አትጠጡ። ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረ፣ አቁማችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ስሙን ብቻ ሳይሆን መጠኑንም አንብቡ። ለአፍ የሚሆነው ክሎርሄክሲዲን ብዙውን ጊዜ 0.12 ወይም 0.2 በመቶ ነው። ለአራስ ሕፃን እትብት የሚቀባው ጄል ግን 7.1 በመቶ ነው። ያ ጄል በስሕተት ዓይን ውስጥ እየተጨመረ ከባድ ጉዳት ማድረሱን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውንም ወደ አፍ አታስገቡ።

ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ መትፋት ስለማይችል ሐኪም ካላዘዘ በቀር መጉመጥመጫ አይሰጠው። ከዚያ በላይ ያለውም ቢሆን በአዋቂ ፊት ይጠቀም። ለትንሹ የሚበቃው ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ነው፦ እስከ ሦስት ዓመት የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል። ለአዋቂ ቀላል የድድ ሕመም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውኃ ይረዳል።

የልጅ ድድ ከደማ፣ ከቆሰለ ወይም አፉ ያለ ወትሮው ከሸተተ፣ በተለይ ትኩሳት ካለው ወይም ከከሳ፣ በዚያው ቀን አሳዩት።

መደርደሪያችን ዛሬ ባዶ ናት። መድኃኒቱ ሁሉ ቁልፍ ባለው ሣጥን ገብቷል፤ ቁልፉ ያለው ልጄ ዘንድ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ልጁ ጥርሱን ሲቦርሽ አጠገቡ ቆሜ ድዱን በባትሪ አያለሁ። «አኮ፣ ጨረስሽ?» ይለኛል፣ አፉን እንደከፈተ።