ከጩኸቱ በስተጀርባ ያለ ታሪክ

አንድ ሰው በበረሃ ብቻውን ይጓዛል። ሱልጣኑ የሞት ፍርድ አስተላልፎበታል። ፀሐይ ጉልበቱን ትመጥጣለች፤ አሸዋው ከእግሩ ሥር ይንሸራተታል፤ የቀረችው ዕድሜም እንደዚያው አሸዋ በጣቶቹ መካከል ትፈስሳለች። ይህን የሰማ የወሎ ወይም የሐረር ሽማግሌ በልጅነቱ ከአያቱ አፍ የሰማው ተረት ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ታሪኩ ማስተዶን የተሰኘው የአሜሪካ የሜታል ባንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው፣ “የአሸዋው ንጉሠ ነገሥት” የሚል ትርጉም ያለው አልበም ጭብጥ ነው።

ታሪኩ ከምናብ ብቻ አልመነጨም። አልበሙ በሚዘጋጅበት ወቅት የባንዱ አባላት የቅርብ ዘመዶቻቸው በካንሰር ሲሠቃዩ አይተዋል። ስለዚህ የሱልጣኑ ፍርድ ሕመሙ ነው፤ አሸዋው ጊዜ ነው፤ መንገደኛውም የሐኪሙን ቃል ሰምቶ በዝምታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ማንኛውም ሰው ነው። “የሱልጣኑ እርግማን” ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የአልበሙ መክፈቻ ዘፈን በ2018 በሜታል ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል።

ይህ ሙዚቃ ከመኝታ ክፍል በር ውጪ ሲሰማ ግን ሱልጣኑም በረሃውም አይታዩም። የሚሰማው የጊታር ጉርምርምታ፣ የከበሮ ውርጅብኝና የሚጮኽ ድምፅ ብቻ ነው። ከመካ አንሥቶ እስከ ጅዳ ዳርቻዎች ድረስ ልጆቻቸውን በሰው አገር የሚያሳድጉ ወላጆች ይህን ጩኸት ሲሰሙ “ልጄ ምን ነካው?” ብለው መጨነቃቸው የሚጠበቅ ነው። ልጁ በበኩሉ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ አንድ ሙሉ ታሪክ እየተከታተለ ሊሆን ይችላል። በበሩ ወዲያና ወዲህ ያሉት ሁለቱ ሰዎች ስለ አንድ ነገር ሳይሆን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያስባሉ።

ባለሙያዎች ኮንሴፕት አልበም የሚሉት ይህን ዓይነቱን ባለ አንድ ጭብጥ ሥራ ነው። እንዲህ ባለው አልበም ውስጥ ያሉት ዘፈኖች እንደ መጽሐፍ ምዕራፎች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። አንዱን ነጥሎ መስማት ይቻላል፤ ትርጉሙ ግን የሚሞላው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ሲደመጥ ነው። ማስተዶን ራሱ ቀደም ሲል በ2004 “ሌቫያታን” የተሰኘ አልበም አውጥቶ ነበር። ያ ሥራ የተመሠረተው አሜሪካዊው ደራሲ ኸርማን ሜልቪል በ1851 ባሳተመው፣ ነጭ ዓሣ ነባሪን ለመበቀል ባሕር ስለሚያስስ የመርከብ አዛዥ በሚተርከው ልብ ወለድ ላይ ነው።

የዚህ ዓይነት አልበም አፍቃሪ ከሌላው የሙዚቃ አድማጭ የሚለየውም በዚሁ ነው። አዲስ ሥራ ሲወጣ አንዱን ዘፈን ሰምቶ ወደ ሌላው አይዘልም። ግጥሙን ከፊቱ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ የሽፋኑን ሥዕል ይመረምራል፤ በሦስተኛው ዘፈን የተሰማችው ዜማ በመጨረሻው ለምን እንደተመለሰች ይጠይቃል፤ ያገኘውን ለጓደኛው ካልነገረ ዕረፍት የለውም። ሁሉም ነገር በጥቂት ሰከንዶች ተቆራርጦ በሚቀርብበት በዚህ ዘመን አንድን ሥራ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ማዳመጥ ትዕግሥትን ይጠይቃል።

ይህ ትዕግሥት ለአማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎ የመንዙማ ማኅበረሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ግጥም ከመካከሉ ተቆርጦ እንደማይሰማ ያውቃል። መንዙማው በአምላክ ምስጋናና በነቢዩ ላይ በሚወርድ ሰላዋት ይከፈታል፤ ሐሳቡን ደረጃ በደረጃ ያሰፋል፤ አዝማቹን ተሰብሳቢው እየተቀበለ ሌሊቱ ይገፋል፤ በመጨረሻም በዱዓ ይታሰራል። ስያሜው ራሱ ከዐረብኛው “ነዝም” የመጣ ሲሆን ፍቺው በሥርዓት የተደረደረ ቃል ማለት ነው። መንዙማና ሜታል በዓላማም በመንፈስም ፈጽሞ የማይገናኙ ናቸው፤ አንዱ ዒባዳን የሚያስታውስ ምስጋና ሲሆን ሌላው ዓለማዊ ሙዚቃ ነው። ሆኖም ሙሉውን ለመረዳት እስከ ፍጻሜው መቀመጥን የሚያውቅ ጆሮ በሁለቱም ዘንድ ያስፈልጋል።

የሜታል ሙዚቃ ከየት እንደተነሣ ማወቅም ጩኸቱን በሌላ ጆሮ ለመስማት ይረዳል። የዘርፉ መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው ብላክ ሳባዝ የተሰኘው ባንድ የተመሠረተው በእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ በበርሚንግሃም ነው። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በተዘጋጀበት የመጨረሻ ቀን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። ግራኝ በመሆኑ የተጎዱት የጊታሩን ክሮች የሚጫኑባቸው ጣቶች ነበሩ። ወጣቱ ግን ከቀለጠ ፕላስቲክ የጣት ሽፋን ለራሱ ሠራ፤ ቀጫጭን ክሮችን መረጠ፤ ቆይቶም ለጣቶቹ እንዲቀልሉ የክሮቹን ውጥረት አላላ። የላላው ክር የሰጠው ወፍራምና ከባድ ድምፅ የሜታል መለያ ሆኖ ቀረ። የባንዱ የመጀመሪያ አልበም የወጣው በፌብሩዋሪ 1970 ነው። በግንባታ ቦታና በጋራዥ እጁን ለሥራ ለሰጠ ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይሆንበትም።

በጅዳም የዚህ ሙዚቃ ፍቅር የራሱ ታሪክ አለው። መድረክ ባልነበረበት ዘመን ዌስትድ ላንድን የመሰሉ የከተማዋ የሜታል ባንዶች ተፈጥረው ነበር። በ2008 ደግሞ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑ አራት ወጣት ሴቶች “ዘ አኮሌድ” የተሰኘ የሮክ ባንድ መሥርተው የዓለምን መገናኛ ብዙኃን ትኩረት ሳቡ። ስሙን የወሰዱት እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድመንድ ብሌር ሌይተን በ1901 ከሣለው፣ አንዲት ንግሥት ፊቷ ለተንበረከከ ወጣት በሰይፍ የጀግንነት ማዕረግ ስትሰጥ ከሚያሳየው ሥዕል ነው። “ፒኖኪዮ” የተሰኘ የመጀመሪያ ዘፈናቸውን በኢንተርኔት ሲለቁት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ወሰዱት። ወጣቶቹ በአደባባይ ሊጫወቱ አልቻሉም፤ የሚለማመዱት በቤት ውስጥ ነበር። ምኞታቸው ግን ግልጽ ነበር፤ አንድ ሙሉ አልበም መቅረጽ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። አጠቃላይ የመዝናኛ ባለሥልጣን በ2016 ተቋቋመ። በጃንዋሪ 2017 ታዋቂው ድምፃዊ ሙሐመድ ዐብዱ በጅዳ ለሕዝብ ሲዘፍን፣ ከተማዋ ለዓመታት ተቋርጦ የነበረ የሙዚቃ ምሽት አየች። በ2020 የሙዚቃ ኮሚሽን በባህል ሚኒስቴር ሥር ተመሠረተ። ዲሴምበር 14 ቀን 2023 ደግሞ በዓለም እጅግ ከታወቁት የሜታል ባንዶች አንዱ የሆነው ሜታሊካ በሪያድ መድረክ ላይ ወጣ። ትናንት በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይሰማ የነበረው ድምፅ በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ተሰማ።

በ2024 ሲራ የተሰኘው፣ አባላቱ ሁሉ ሳዑዲያውያን ሴቶች የሆኑበት የሪያድ የሮክ ባንድ “አል-ፈናእ” የተሰኘ አልበም አወጣ። የጅዳዎቹ ተማሪዎች በ2008 የተመኙትን ዓይነት ሥራ ከ16 ዓመታት በኋላ ሌሎች እህቶቻቸው አደረሱት። የባንዱ ስም የሕይወት ታሪክ ማለት ሲሆን ሙስሊም አንባቢ ቃሉን ከነቢዩ ሕይወት ታሪክ ጋር ያውቀዋል። የአልበሙ ርእስም ማለፍን፣ መጥፋትን የሚገልጽ፣ በሱፊያ ሊቃውንት ዘንድ የቆየ ቃል ነው። ከዓለም ወዲያና ወዲህ የተሠሩት ሁለቱ ሥራዎች፣ የአሜሪካኑ አሸዋና የሪያዶቹ ፈናእ፣ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ መገናኘታቸው ልብ ይባላል። ሰው ያልፋል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ድምፅ ውጪ አይደለችም። በአዲስ አበባ የተመሠረተው ጃኖ ባንድ በ2012 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የሮክን የጊታር ድምፅ ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር አዋሕዷል። አልበሙን ያቀናበረው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ሲሆን ርእሱ “ኤርታሌ” ነው። ይህ እሳተ ገሞራ የሚገኘው በሙስሊሙ የአፋር ሕዝብ ምድር ነው። ከምድር በታች የሚጉመጠመጥ እሳት ለከባድ ሙዚቃ የተስማማ ስያሜ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ሲባል በሃይማኖት በኩል ያለው ጥንቃቄ ሊዘነጋ አይገባም። ስለ ሙዚቃ መሣሪያ በእስልምና ሊቃውንት መካከል ለዘመናት የቆየ የፍርድ ልዩነት አለ፤ ብዙዎቹም መራቅን ይመክራሉ። ቤቱን ከመሣሪያ ድምፅ የጠበቀ አባት ይህን ያደረገው ዘመኑ ስላልገባው ሳይሆን ለእምነቱ ስላደረ ነው። መካም የተከበረው ሐረም ከተማ በመሆኗ የሙዚቃ መድረክ የሚታሰብባት ስፍራ አይደለችም። ሰባ፣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ብቻ በሚያራርቃቸው በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚኖር ቤተሰብ ይህን ልዩነት በየዕለቱ ይኖርበታል።

በቤት ውስጥ ያለው ጥያቄ ግን ከመፍቀድና ከመከልከል ይቀድማል። ልጁ ያን አልበም ደጋግሞ የሚሰማው ለምንድን ነው? ምናልባት ስለ ሕመም የሚናገርበት ሌላ ቋንቋ አጥቶ ይሆናል። ምናልባት ከአገር ቤት የመጣ መርዶ በልቡ ተቀብሮበት የበረሃው መንገደኛ ብቻ የገባው መስሎት ይሆናል። ምናልባትም ዝም ብሎ የጊታሩ ጥበብ ማርኮት ነው። “ይህን ጩኸት ዝጋ” የተባለ ልጅ ድምፁን ይዘጋል፤ አብሮም በሩን ይዘጋል። “ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?” ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ግን ስለ ሱልጣኑ፣ ስለ አሸዋው፣ ስለሚያልቀው ጊዜ መናገር ይጀምራል።

በዚያን ጊዜ አባትም የሚለው አያጣም። ሞት የተፈረደበት መንገደኛ ታሪክ ለእርሱ አዲስ አይደለም። ባሕር ተሻግሮ በዚያው አሸዋ ላይ የተጓዘ እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ እንዲሁ ተጉዘው ነው ጅዳ የደረሱት። ያን ጉዞ ለልጁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይቆርጥ የተረከለት አባት ግን ስንቱ ነው? ረጅም ታሪክ በትዕግሥት ማዳመጥን የለመደ ልጅ ያንን ለመስማት የተዘጋጀ ነው። የቀረው በሩን ማንኳኳት ብቻ ይሆናል።