እውነት ወይስ ተረት? በምራቅ አልዛይመር ይታወቃል?

ጂዛን፣ ሳምታ ወይም አቡ ዐሪሽ ውስጥ አሮጊት የምትጦሪ እህቴ፣ «ምራቃቸውን ወስደው ቢመረምሩት አልዛይመር መሆኑ ይታወቃል» ሲባል መስማትሽ አይቀርም። መዳም ራሷ ስልኳ ላይ አይታው ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን ይህን የመርሳት በሽታ በምራቅ ለይቶ የሚነግር፣ ሐኪሞች የሚተማመኑበት ምርመራ የለም።

ታዲያ ወሬው ለምን አይሞትም? አንደኛ፣ ግማሹ እውነት ነው። ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፖስታ ከተላከ ምራቅ አፖኢ4 የሚባለውን ዘረመል እየፈለገ ይነግራል። ይህ ዘረመል በበሽታው የመያዝ ዕድልን ከፍ ያደርጋል፤ በሽታው ራሱ ግን አይደለም። ይዘውት አእምሯቸው ሳይነካ የሚያረጁ አሉ፤ ሳይኖራቸው የሚታመሙም አሉ። በዚያው ዓመት የስፔን ተመራማሪዎች በሕሙማን ምራቅ ውስጥ ላክቶፌሪን የተባለ ፕሮቲን አንሶ አገኘን አሉ። በኋላ ዴንማርክ ውስጥ ሲሞከር ልዩነቱ አልታየም፤ ይህኛውን ዜና ግን ማንም አላጋራውም። ደግሞስ ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ ብሎ ሲመርቀን ያደግን ሰዎች፣ ምራቅ ኃይል አለው ቢሉን ለማመን መች እንቸገራለን?

ምራቅ ተለዋዋጭ ነው። ሰዓቱ፣ ምግቡ፣ የድድ ሕመም፣ አፍ የሚያደርቅ ኪኒን ሁሉ ይቀይሩታል። ምራቁን የዋጠ ሐኪም በእሱ ብቻ አይፈርድም።

«ደሙስ?» ካልሽ፣ እሱ ቀድሟል። በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለአልዛይመር የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቅዷል። እሱም ቢሆን ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆነና ምልክት ለታየባቸው ነው፤ ከሌላ ምርመራ ጋር ተዳምሮ ይነበባል እንጂ ብቻውን አይበቃም።

«ዕድሜ ነው፣ ጃጅተዋል» ብሎ መተውም ሌላው ተረት ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርትም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ በድንገት መቀባጠር ከጀመሩ ደግሞ የሽንት ኢንፌክሽን ወይም በጂዛን ሙቀት የመጣ የውሃ እጥረት ሊሆን ይችላልና ያንኑ ቀን ሐኪም ይያቸው።

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከመቼ ጀምሮ? ምን ረሱ?» ብሎ ነው። መዳም ሥራ ውላ የምትገባ ከሆነ ይህን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የሰገዱትን ረስተው ደግመው ሲሰግዱ፣ የገዛ ልጃቸው ስም ሲጠፋቸው፣ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠይቁሽ ቀኑን በደብተር ያዢው። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ደብተሩን ለመዳም ስጫት፤ ከቻልሽም አብረሽ ግቢ።