ከሆድ በፊት ሣጥን

በወላይታ ሶዶ ኦቶና ሲባል ሰው ሁሉ ሆስፒታሉን ያስባል። የዚህ ሆስፒታል ሥር የሆነው፣ በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን ወላይታ የገባው በ1920 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ ኦቶና በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። በዚያው ከተማ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶችን ያሠለጥናል። በዚህች ከተማ ቀዶ ሕክምና የሚማር ወጣት አንድ ጥበብ በጊዜ ሊያውቅ ይገባዋል፤ እሱም ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ ማከም ነው።

ላፓራስኮፒ ይባላል። ሐኪሙ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ጥቂት ቀዳዳዎች ይከፍትና ሆዱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነፍቶ መሥሪያ ቦታ ያገኛል። በአንዱ ቀዳዳ ካሜራ፣ በሌሎቹ ቀጫጭን ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። ጀርመናዊው ኤሪክ ሙሄ እ.ኤ.አ. በ1985 የሐሞት ከረጢትን በዚህ መንገድ አወጡ። አሁን ትርፍ አንጀትም፣ ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናም እንዲሁ ይታከማል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ሕመሙ ይቀላል፣ የማመርቀዝ ዕድሉ ይቀንሳል፣ ታካሚው ቶሎ ይነሣል። በጉልበቱ አርሶ ለሚያድር ሰው ቶሎ መነሣት የቤተሰቡ ኑሮ ነው።

ለታካሚው የቀለለው ግን ለሐኪሙ ይከብዳል። መሣሪያው በሆድ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ስለሚሠራ ነገሩ በዲጂኖ ድንጋይ እንደ መፈንቀል ነው፤ እጀታው ወደ ታች ሲጫን ጫፉ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ሲገፋ ወደ ግራ ይሄዳል። የተለመደው ስክሪን ጥልቀትን አያሳይም፤ ጣትም ሥጋውን በቀጥታ አይዳስስም። እጅና ዐይን ይህን እስኪላመዱ ብዙ ድግግሞሽ ይጠይቃል። ድግግሞሹ ደግሞ በታካሚ ላይ መሆን የለበትም።

ለዚህ የተሠራው መለማመጃ ሣጥን ነው። ክዳኑ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውስጡ መብራትና ካሜራ ይገባል፤ ካሜራው የስልክ ካሜራ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ትንንሽ ቁሶችን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበለ ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው ያዛውራል፤ በጋዝ ጨርቅ ላይ የተሰመረ ክብ ይቆርጣል፤ በመጨረሻ መርፌ ይዞ ይሰፋል፣ ይቋጥራል። ሰዓቱ ይያዛል፣ ስሕተቱ ይቆጠራል። የኢትዮጵያና የካሜሩን ሐኪሞች ከአሜሪካው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያዘጋጁት ኦል-ሴፍ የተባለ ሥልጠና በዚህ መንገድ ከማሕፀን ውጭ እርግዝናን ማከም ያስተምራል። ሣጥኑ በርካሽና በአካባቢ ከሚገኝ ቁስ ይሠራል።

ሮቦቱስ? ዳ ቪንቺ የተባለው መሣሪያ በአሜሪካ ለሆድ ቀዶ ሕክምና ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሮቦቱ በራሱ ቀዶ ሕክምና አያደርግም። ሐኪሙ ከታካሚው ራቅ ብሎ ተቀምጦ ጥልቀት ያለው ምስል እያየ እጀታዎቹን ያንቀሳቅሳል፤ ማሽኑ የእጁን መንቀጥቀጥ አጥርቶ እንደ ሰው አንጓ በሚታጠፉ ጫፎች ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ፈረንሳዊው ዣክ ማሬስኮ ኒው ዮርክ ተቀምጠው ስትራስቡርግ የተኛች ታካሚን ሐሞት ከረጢት በሌላ ሮቦት አወጡ። እሳቸው የመሠረቱት ኢርካድ የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ ማሠልጠኛውን ከፍቷል።

የሮቦት ሐኪምም ቢሆን በሲሙሌተር ተለማምዶ ነው ወደ ታካሚ የሚቀርበው። ስክሪን ማንበብ፣ የሰውነትን አሠራር ማወቅ፣ ደም ሲበዛ ሆዱን በሰፊው ለመክፈት ሳይዘገዩ መወሰን በላፓራስኮፒም በሮቦትም ያው ነው። ነርሷ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና የመሣሪያ ጠጋኙም አብረው መሠልጠን አለባቸው፤ ጋዙ ካለቀ ወይም መብራቱ ከጠፋ የሐኪሙ ችሎታ ብቻውን አያድንም።

ሮቦቱ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፤ ሣጥኑ ግን ነገ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ በኦቶናም ሆነ በየትኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ለሣጥኑ ይሰጥ፤ ተማሪው ከኢንተርንነት በፊት ይጀምር፤ የሚገመግመው አንጋፋ ሐኪም ይመደብለት፤ ፈተናውን ያላለፈም የላፓራስኮፒ መሣሪያ ይዞ ታካሚ ዘንድ አይቅረብ።