ባቱ፡- የሥራ ሰዓት ሲያበቃ የሚጀምረው ኑሮ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የባቱ ከተማ የቀድሞ ስሟ ዝዋይ ነው። ከተማዋ ዛሬም በዚሁ ስም በሚጠራው ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ተቀምጣለች። ቀድሞ በዓሣዋ ትታወቅ የነበረችው ይህቺ ከተማ ከጊዜ በኋላ በጽጌረዳ አበባና በወይን ጠጅም ስሟ መነሣት ጀምሯል። በኔዘርላንድ ባለሀብቶች የተቋቋመው ሼር ኢትዮጵያ የአበባ እርሻ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ሥራ ገብቷል። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ደግሞ በከተማዋ አቅራቢያ ካለማው ወይን የጠመቀውን የመጀመሪያ ምርት እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አቅርቧል።

እንዲህ ያለው ኢንቨስትመንት ካፒታልና ቴክኖሎጂን ብቻ ሳይሆን ሰዎችንም ይዞ ይመጣል። ለወራት ወይም ለዓመታት ከአገሩ ርቆ የሚኖር ባለሙያ የሥራ ሰዓቱ በመርሐ ግብር የተያዘ ነው። ጥያቄው የሚነሣው የቀኑ ሥራ ተጠናቆ ምሽቱ ሲመጣ ነው። በግቢው ተወስኖ ከአገሩ ልጆች ጋር ብቻ የሚውል ሰው፣ ዓመታት ቢቆጠሩም ለከተማዋ እንግዳ እንደሆነ ይቀራል። የሚወደውን ነገር ፍለጋ ከግቢው የሚወጣ ግን ሳያስበው ጎረቤት ይሆናል።

ይህ እውነት ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1984 የስፖርት ፌዴሬሽን መሥርተው በየዓመቱ በሐምሌ ወር መግቢያ ገደማ በተለያዩ ከተሞች የእግር ኳስ ውድድር ሲያካሂዱ የኖሩት ለኳስ ፍቅር ብቻ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ተጠምዶ የሚውል ስደተኛ የአገሩን ሰው፣ ምግብና ሙዚቃ በአንድ ሜዳ የሚያገኝበት አጋጣሚ በመሆኑም ጭምር ነው። በባቱ ለሚኖር የውጭ አገር ሰው ደግሞ የዚህ ዓይነቱ መገናኛ ሜዳ ሐይቁ ነው።

ወፎችና የማለዳው ወደብ

የዝዋይ ሐይቅ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ወፍ መመልከት ለሚወድ ሰው ከቤቱ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዓሣ አጥማጆች ሌሊቱን የጣሉትን መረብ ሰብስበው ማለዳ ወደ ዳርቻው ሲመለሱ፣ ቆሮሶና አምባዛ በሚበለትበት ሥፍራ አባ ኮዳዎችና ፔሊካኖች ትራፊውን ለመቀራመት ይሰበሰባሉ። ከፍ ብሎ ዓሣ አዳኙ ንስር ያንዣብባል፤ በደንገሉ መካከል ሽመላዎችና ዳክዬዎች ይታያሉ።

በኢትዮጵያ ከ800 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከእነዚህም በርካታዎቹ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ተጓዦች ናቸው። በመስከረም ወር መድረስ የሚጀምሩት እነዚህ ወፎች የሰሜኑን ብርድ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ አሳልፈው በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ መራቢያ ሥፍራቸው ይመለሳሉ። በአውሮፓ መንደሮች በቤት ጣሪያ ላይ ጎጆውን የሚሠራው ነጭ ሽመላም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ከአውሮፓ መጥቶ በባቱ የሚሠራ ሰው በልጅነቱ የሚያውቀውን ወፍ በኢትዮጵያ ማሳ ላይ ሲያገኘው፣ ርቆ የመጣው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ ይገነዘባል።

የውጭ አገር ነዋሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው ያፈሩት ዕውቀት ለአገርም የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ሙያው ግብርና የነበረውና በኬንያ ያገለገለው እንግሊዛዊው ሌስሊ ብራውን፣ ስለ ንስሮችና ስለ ፍላሚንጎዎች ባደረጋቸው ጥናቶች ይታወቃል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረው አሜሪካዊው ኤሚል አርባን ጋር ያዘጋጁት የኢትዮጵያ አዕዋፍ ዝርዝርም እ.ኤ.አ. በ1971 ለኅትመት በቅቷል።

ወደ ደሴቶቹ

ሌላው የዕረፍት ቀን አማራጭ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ መጓዝ ነው። ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ ደብረ ጽዮን የተባለው ጥንታዊ ገዳምና በውስጡ የተጠበቁ የብራና መጻሕፍት ይገኙበታል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የተቀመጠችው በዚሁ ሥፍራ ነው። ደሴቶቹ የዛይ ሕዝብ መኖሪያ ናቸው፤ የዛይ ቋንቋም ከስልጤና ከምሥራቅ ጉራጌ ቋንቋዎች ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ለጎብኚው ይህ ጉዞ በራሱ ትምህርት ነው። በአንድ ከተማ ዙሪያ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ዛይኛ ይነገራሉና፣ ጥቂት የሰላምታ ቃላት ያጠና ሰው በገበያም በጀልባም የሚጠብቀው ፊት የተለየ ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ውኃ

ይሁን እንጂ የዝዋይ ሐይቅ ለዋና የሚመረጥ አይደለም። በውስጡ ጉማሬዎች ይኖራሉ። ከዚህም ሌላ በሐይቁ ዳርቻ ባሉ መንደሮች የአንጀት ቢልሃርዝያ በሽታ ይገኛል። የበሽታው ትል ዕንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ወደ ውኃ ሲገባ ተፈልፍሎ በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋል። ከዚያም ወጥቶ በውኃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰውየው ወዲያውኑ ላይታወቀው ስለሚችል፣ ውኃው ውስጥ የገባ ሰው ቆይቶ በጤና ተቋም መመርመር ይኖርበታል። በሽታው ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይታከማል። መዋኘት የሚፈልጉ ነዋሪዎች ከቢልሃርዝያ ነፃ መሆኑ ወደሚነገርለት ወደ ቡናማው የላንጋኖ ሐይቅ የሚወርዱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሥራና ዕረፍት የሚጋሩት ሐይቅ

የሐይቁ ዕጣ ፈንታ ግን ከአንድ ሰው የእሑድ መዝናኛ በእጅጉ የሰፋ ነው። ዝዋይ ጨዋማ ያልሆነው፣ የመቂና የቀጣር ወንዞች ከሚያስገቡት ውኃ የተወሰነው በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ሐይቅ ስለሚወጣ ነው። ይኸው ውኃ ለአበባና ለአትክልት መስኖ ይሳባል፤ ለከተማዋም ለዓሣ አጥማጁም ይፈለጋል። ሐይቁ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ጥቂት ሲጎድል ሰፊ ዳርቻ ይራቆታል። በዳርቻው የሚበቅለው ደንገል ሲመነጠርና ሲታረስ ደግሞ ዓሣው የሚራባበት፣ ወፉም የሚያርፍበት ሥፍራ አብሮ ይጠፋል። መውጫ የሌለው አብያታ ከላይ በሚሳበው ውኃና ለሶዳ አሽ ምርት ሲወሰድ በቆየው ምክንያት በከፍተኛ ደረጃ መሸሹ ለዝዋይ ማስጠንቀቂያ ነው። መጤው የእንቦጭ አረምም ሌላው ስጋት ሆኖ ተከስቷል።

በመሆኑም በአበባ እርሻ ውስጥ ሳምንቱን የሚሠራ የውጭ አገር ባለሙያ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጽጌረዳውን የሚያጠጣበት ውኃ እሑድ ጠዋት ወፎቹን ከሚመለከትበት ሐይቅ የተቀዳ ነው። በመነጽሩ የሚያያቸው ወፎች ከዓመት ዓመት መቀነስ አለመቀነሳቸውን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በቢሮው የውኃ ፍጆታ በቁጥር ተጽፎ ይቀርብለታል፤ በሐይቁ ዳር ግን ቁጥሩ የሚመዘነው ከዓሣ አጥማጁ መረብና ከሽመላው መመለስ ጋር ነው። የትርፍ ጊዜ ልማዱ ይህን ካስገነዘበው፣ ለእርሱም ለባቱም የሚሰጠው ጥቅም ከመዝናኛነት ያለፈ ይሆናል። ጊዜው ሲደርስ እርሱ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሐይቁ ግን ለቀሪዎቹ የባቱ ነዋሪዎችና በመስከረም ለሚመጡት ወፎች መቆየት አለበት።