መሬት ስትንቀጠቀጥ እሳቱ ለምን አንዳንዴ ብቻ ይወጣል?

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ለወራት ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ «እሳተ ገሞራው ዛሬ ነው ነገ የሚፈነዳው?» የማይል ሰው አልነበረም። የካቲት 7 ቀን የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.0 ነበር። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ጥሎ ወጣ። ሆኖም ቅልጥ አለት ገንፍሎ አልፈሰሰም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ሰምተን የማናውቀው የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ታዲያ ነገሩ እንዴት ነው?

በመጀመሪያ መንቀጥቀጡን የእሳቱ አባት አድርገን ባናየው ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከሥር የተጠራቀመው ቅልጥ አለት መውጫ ሲያጣ ጠንካራውን አለት እየሰነጠቀ ወደ ጎን ይሰርጋል፤ አለቱ በተሰነጠቀ ቁጥር እኛ ከላይ መንቀጥቀጥ እንላለን።

ለዚህ ከዳባሁ የበለጠ ምስክር የለም። መስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቅልጥ አለት ተሞላ። ከአኖ ተነስቶ ነቀምት ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው ርቀት ማለት'ኮ ነው! ስንጥቁ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። ይህ ሁሉ የሆነው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ወደ ላይ የወጣው ግን እጅግ ጥቂት ነበር፤ በደመራው ዕለት፣ መስከረም 16 ቀን፣ ዳኡሬ በተባለው ቦታ አመድ ተነሳ፣ በቃ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ከአሥር ጊዜ በላይ ቅልጥ አለት ከሥር ሰርጓል፤ ላቫ ሆኖ የፈሰሰው ግን ከጥቂቶቹ ብቻ ነው። የቀረው እዚያው ከመሬት በታች ቀዝቅዞ አለት ሆነ።

የሃይሊ ጉቢም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጎረቤቱ ኤርታ አሌ በፈነዳ ጊዜ ቅልጥ አለት ከሥር ወደ ደቡብ፣ ወደ ሃይሊ ጉቢ፣ እንደሰረገ ከሳተላይት ታይቷል። ከአራት ወር በኋላ አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጣ፤ በየመንና በኦማን በኩል አልፎ ህንድ ደረሰ። የሰው ሕይወት ባይጠፋም የአፍዴራ አርብቶ አደር ግን የከብቱ ሣር በአመድ ተሸፈነበት። ለእሱ ትልቁ አደጋ ይህ ነው።

ትልቅ መንቀጥቀጥስ እሳተ ገሞራ ሊቀሰቅስ አይችልም? ይችላል፤ ግን ከሥር ያለው ቅልጥ አለት ዝግጁ ሲሆን ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ነቅንቀን ብንከፍት ይገነፍላል፤ ጋዝ አለበትና። ውሃ የሞላውን ጠርሙስ ቀኑን ሙሉ ብንነቀንቀው ምንም አይሆንም።

ነገ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ሕፃናት «ወደ እኛስ ይመጣል ወይ?» ማለታቸው አይቀርም። ወለጋ ከስምጥ ሸለቆው ርቆ በስተምዕራብ የሚገኝ ደጋ ነው። በብዙ ሥፍራ የምናየው ጥቁር ባዛልት በጥንት ዘመን የፈሰሰ ላቫ ነው፤ አሁን የሚነድ እሳተ ገሞራ ግን በአካባቢያችን የለም። ሁለቱን ጠርሙሶች ይዘን ገብተን ብናሳያቸው በደንብ ይገባቸዋል፤ የለስላሳውን ግን ደጅ ወጥተን እንክፈተው፣ ደብተር ያበላሻል።