የቀበሌ ቃልና የኅብረተሰቡ አመኔታ በወረርሽኝ ጊዜ

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኙት በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች ስለ ወረርሽኝ የሚነገር መልእክት ወደ አርሶ አደሩ ደጅ የሚደርሰው በአብዛኛው በቀበሌ በኩል ነው። ሬዲዮ የሰማ ሰው እንኳ “ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?” ብሎ የሚጠይቀው የቀበሌውን ሊቀ መንበር ወይም የጤና ኬላዋን ባለሙያ ነው። ይኸው ቀበሌ ግን ግብር ይሰበስባል፤ የመሬት ክርክር ያያል፤ የማዳበሪያ ዕዳ ያስከፍላል። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ማን እንደሚታቀፍና ማን እንደሚወጣ የሚነገረውም በእርሱ በኩል ነው። ምክንያቱ ሳይገለጽለት ስሙ ከዝርዝር የተሰረዘ አባወራ ስለ እጅ መታጠብ የሚነገረውን የሚሰማው በዚያው ቅር በተሰኘ ጆሮው ነው። ስለዚህ የአመኔታ ጉዳይ ወረርሽኙ ከመግባቱ ብዙ አስቀድሞ የተጀመረ ነው።

የኮቪድ-19 ወቅት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ተደረገ። በዚያው ወር የአማራ ክልል በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በአዲስ ቅዳምና በጥሊሊ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ አገደ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል ውሳኔ ከላይ ወደ ታች ወረደ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛን ጉዳይ ብቻ እንኳ ብናይ፣ መጀመሪያ ለጤነኛ ሰው አያስፈልግም ተብሎ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ያኔ ይኸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ በሕዝብ መገልገያ ቦታ ያለ መሸፈኛ መገኘት የሚያስጠይቅ ሆነ። ለውጡ ተገቢ ነበር፤ የሕመም ምልክት ያልታየበት ሰውም በሽታውን እንደሚያስተላልፍ እየታወቀ መጥቷልና። ነገር ግን ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ በሚወርድ ደብዳቤ ውስጥ ትእዛዙ ይደርስና ምክንያቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰሚው “ትናንት አታድርጉ፣ ዛሬ አድርጉ” የሚል ቃል ብቻ ሲደርሰው፣ ነገ ሌላ እንደሚባል ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

መፍትሔው ለውጡን መደበቅ አይደለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር በሕዝብ ፊት ቆሞ “ወገኖቻችን፣ ባለፈው ስብሰባ እንዲህ ብለናችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ በሽታው አዲስ ነገር ታውቋል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ” ቢል ከሥልጣኑ አንዳች አይጎድልበትም። ገና ያልታወቀውንም “ይህ አልታወቀም፤ ስናውቅ እንነግራችኋለን” ማለት ይገባዋል። የተስፋ ቃሉን ግን መጠበቅ አለበት።

በዚሁ ዞን መልካም ምሳሌ አለ። የትራኮማ መድኃኒት በዘመቻ ሲታደል ባለሙያዎች ሰውን በቁመት ዘንግ እየለኩ ኪኒን ይሰጣሉ፤ ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት ደግሞ የዓይን ቅባት። ሥራው በሕዝብ ዓይን ፊት ይከናወናል፤ ለጎረቤት የተሰጠው ለሁሉም ይታያል፤ ዘመቻውም ተመልሶ ይመጣል። የኮቪድ-19 ክትባት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀምር ይህን የመሰለ የቆየ ትውውቅ አልነበረውም። ክትባቱን የወሰደ ሰው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊያተኩሰውና ክንዱን ሊያመው ይችላል። ይህ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሲያተኩሰው “ያሉት ደረሰ” ይላል፤ ያልተነገረው ግን “መረዙኝ” ይላል፤ ወሬውም በማግስቱ ገበያ ይውላል። ጎጂ ጎኑን መናገር ሕዝቡን ያስፈራል የሚሉ ኃላፊዎች ጥቂት አይደሉም። የሚያስፈራው ግን ሳይነገር የደረሰው ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፏል። እንዲህ ያለ ጉዳት በደረሰበት አካባቢ “ወደ ጤና ተቋም ሂዱ” የሚለው የተለመደ መልእክት፣ ተቋሙ ምን መስጠት እንደሚችል ካልተገለጸ፣ የተናጋሪውን ቃል ያረክሳል። መድኃኒት ከሌለ የለም ይባል፤ የት እንደሚገኝም ይነገር። ውኃ ከገደል ሥር በጀርባ በሚቀዳበት ጎጥም እንዲሁ ነው። “አዘውትራችሁ ታጠቡ” ከማለት በፊት ስለ ውኃው ችግር ማንሳት፣ ሳሙና ሲታጣም አመድ መጠቀም እንደሚቻል መንገር ይቀድማል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። የእናቶችን ቤት አንኳኩታ የምትገባው እርሷ ናት። ወረዳው ሠራተኛ ሲያጥረው መዋጮ ወይም ዕዳ እንድታስከፍል ቢያሰማራት ጥቂት ብር ይሰበስብ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ያው በር አይከፈትላትም። በወረርሽኝ ወቅት ይህ በምንም ምክንያት ሊደረግ አይገባም።

ቄሶችና የእድር ዳኞችም ውሳኔው ከመነገሩ በፊት ሊማከሩ ይገባል። ለቅሶ፣ ተዝካርና ማኅበር እንዴት እንደሚከናወን ከእነርሱ ጋር ሳይመክሩ “ተከልክሏል” ማለት ሰዉ በሌሊት እንዲሰበሰብ ማድረግ ነው። በስብሰባ ላይ የተነሣና መልስ ያላገኘ ጥያቄ በቀበሌው መዝገብ ይጻፍ፤ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም በነጻው የስልክ መስመር 8335 ተጠይቆ የተገኘው መልስም በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ፣ ከማንኛውም አዲስ ማስታወቂያ በፊት፣ ይነበብ።